የሚመታ ልብ በሁዳዴ

የጠቅላላ ባዮሎጂን መርሐ ግብር ያወጣው ሰው ጾም የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። «ልብና የደም ዝውውር» የሚለውን ምዕራፍ ወስዶ ሁዳዴ መሀል ላይ ነው የጣለው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በሁዳዴ የበግ ልብ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የፈለገ ብቻ ነው። እኔ ፈልጌያለሁ። ሥጋ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተው ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። አንዱን ጠጋ ብዬ ብጠይቀው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና አንገቱን ነቀነቀ። «ለመብላት አይደለም፤ ለትምህርት ነው፤ ቆርጠን ውስጡን ልናይ ነው» ስለው ደግሞ ጭራሽ አማተበ።

በከተማዋ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። የተቀጠርኩት በኮንትራት ሲሆን፣ ቋሚ መምህር ለመሆን የቀረችኝ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አንድ የተግባር ትምህርቴን ተቀምጠው ያያሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ። በዕቅዴ ላይ የጻፍኩት ዓላማ ከተሳካ እቀጥላለሁ። ካልተሳካ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሻንጣዬን ይዤ ቡሬ እናቴ ቤት እገባለሁ። ቡሬን እወዳታለሁ፤ እናቴንም እወዳታለሁ፤ ግን ማስተማር አስክሮኝ ነበር። ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ነበር ወደ ክፍል የምሮጠው። ስለ አንዲት ሕዋስ እያወራሁ እጄን ሳወናጭፍ ጠመኔው አምልጦኝ ተማሪ ግንባር ላይ ያረፈበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ ትቶ መሄድ ሞት ሆኖ ታየኝ።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ የነበረው ልብ የፕላስቲክ ነበር። ከአራቱ ክፍሎቹ አንዷ ከእኔ በፊት ጠፍታለች። ይህንን አካለ ጎዶሎ ልብ አንስቼ «ይኼ ነው እንግዲህ ዕድሜ ልካችሁን የሚመታው» ስላቸው አርባዎቹ ተማሪዎቼ በትሕትና አዩኝ። ትሕትናቸው አናደደኝ። ንዴት ሲይዘኝ ደግሞ አፌ ከእኔ ይቀድማል። «ቆይ! በሚቀጥለው ጊዜ ሕይወት ያለው፣ የሚመታ ልብ አሳያችኋለሁ!» አልኩ። በዚያው ግለት ቢሮ ገብቼ ለግምገማው ዕቅዴን ጻፍኩ፤ «በዚህ ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ተማሪዎች የሚመታ ልብ በዓይናቸው ያያሉ።»

ኃላፊው በዕድሜ የገፉ፣ ወጣትነታቸውን አዴት አካባቢ በእህል ማሳ ውስጥ ያሳለፉ የዕፅዋት ሰው ናቸው። ቃል ሲያወጡ በሚዛን ነው። ዕቅዴን ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ያያሉ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«በዓይናቸው?»

«በዓይናቸው።»

«መልካም፤ እኔም አያለሁ» ብለው ፈረሙበት።

የበግ ልብ እንደማላገኝ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞስ ባገኝ የሞተ በግ ልብ አይመታም። እንዲያ ተክዤ ገበያ መሀል ስሄድ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ዕንቁላል! በጾም ወቅት የሚበላው ስለሌለ ከማንኩሳ የመጡ ሴቶች በየቅርጫቱ ከምረውት ተቀምጠዋል። ዶሮ የታቀፈችው ዕንቁላል በአራተኛው ቀን ቅርፊቱን በጥንቃቄ ከፈት ቢያደርጉት፣ አስኳሉ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተው፣ መሀላቸው የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ቱክ ቱክ ስትል ይታያል። ልብ ማለት ያቺ ናት። እኔ ራሴ ያየሁት በቪዲዮ ብቻ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።

ስምንት ዕንቁላል መርጬ፣ በእርሳስ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጽፌባቸው፣ እየዘለልኩ ወደ አከራዬ ሄድኩ። አከራዬ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ፣ ግቢያቸውን በዶሮና በጌሾ የሞሉ ሴት ናቸው። አንዲት ዶሯቸው ያን ሰሞን ከእህል ጎታው ጀርባ ታቅፋ ነበር።

«እማማ፣ ዶሮዎን ለአራት ቀን ያበድሩኝ» አልኳቸው።

«ዶሮ ይበደሯል እንዴ ልጄ?»

«የእኔን ዕንቁላሎች ብቻ ትቀፍልኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት እወስዳቸዋለሁ።»

«ኸዚያስ?»

«ከዚያማ ክፍል ውስጥ እሰብራቸዋለሁ።»

ዕንቁላሎቹን አዩ፤ እኔን አዩ። «ምነዋ ልጄ፣ በጾሙ?» አሉ። ስለ ልብ፣ ስለ ደም ሥር፣ ስለ ግምገማው፣ ስለ ቡሬ ሁሉንም ነገር አስረዳኋቸው። ስለ ቡሬ ስነግራቸው ፊታቸው ሲለዝብ አየሁና «በቃ ተስማሙ» ብዬ አቅፌ ሳምኳቸው። ዕንቁላሎቹን ተቀበሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ የታቀፈች ዶሮ ዓይን አይበዛባትም፤ ስለዚህ ጎታው ጀርባ ሄጄ ማየት የለብኝም።

አላየሁም። በየማታው ከኮሌጅ ስመለስ ገና በር ላይ ሆኜ «እማማ፣ ዶሮዋ እንዴት ናት?» እላለሁ። እሳቸውም እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ዶሮዋ እንደሁ ታቅፋለች» ይሉኛል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አራተኛው ቀን ማታ ትንሿን መቀሴን በአልኮል ወልውዬ ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አከራዬ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ነበር። ዕንቁላሎቹን እንቅብ ውስጥ በጤፍ ጭድ ላይ አስተኝተው፣ በአሮጌ ነጠላ ሸፍነው ሰጡኝ። እጄን ሰድጄ ነካኋቸው። ሞቀው ነበር! እንቅቡን አቅፌ ባጃጁን «ቀስ! ቀስ በል! ልብ ነው የያዝኩት!» እያልኩ ኮሌጅ ደረስኩ። ሾፌሩ ከመንገዱ ይልቅ በመስተዋቱ እኔን እያየ ነበር የሄደው።

ክፍሉ ግጥም ብሏል። ኃላፊው ከኋላ ወንበር ላይ ቅጻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን ስበው ጠረጴዛዬን ከበቡ። ከሁሉ ቀድሞ አጠገቤ የተቀመጠው ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም የመጣ ዲያቆን ነበር። ይህ ልጅ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሲጠየቅ ደግሞ የተጠየቀውን ብቻ መልሶ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት የልብ ምት በእጅ አንጓ ላይ እንዴት እንደሚቆጠር ሳስተምር፣ የጓደኛውን እጅ ይዞ ደወል እስኪደወል ድረስ አልለቀቀም ነበር።

ትንሽ ንግግር አደረግሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ከዚያ ቁጥር አንድን አንስቼ ቅርፊቱን በመቀሱ ከፈት አድርጌ ብርጭቆ ሳህን ላይ ገለበጥኩት።

አስኳል። ቢጫ፣ ንጹሕ፣ ክብ አስኳል። ደም ሥር የለ፣ ነጥብ የለ፣ ምንም የለ።

«ይሄኛው አውራ ዶሮ ያላገኘው ነው፤ ያጋጥማል» አልኩ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከርኩ። ቁጥር ሁለትን ከፈትኩ። አስኳል። ቁጥር ሦስትን ፈለግሁ፤ የለም። በእሱ ፈንታ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ዕንቁላል አለ። እርሳሱ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ወደ ጎን አደረግሁትና ቁጥር አራትን ከፈትኩ። አስኳል። አምስት። አስኳል። ከኋላ በኩል አንዱ ቀስ ብሎ «ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ነው የቀረው» አለ። በጾሙ አርባ የተራበ ሆድ በአንድ ጊዜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ወዴት እንደሚሄድ ስላላማረኝ ቶሎ ዋጥኩት። ስድስት፣ አስኳል። ሰባትን ስሰብር ቅርፊቱን ጭምር ሳህኑ ውስጥ ከተትኩት። ስምንትን የሰበርኩት እንዲያው ለወጉ ነው። ሰባት የሚያምሩ ትኩስ ዕንቁላሎች ተደርድረው ያዩኛል። ኃላፊው ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ቡሬ ስገባ እናቴ በሩን ስትከፍትልኝ ታየኝ፤ እውነቱን ለመናገር ማልቀስ አምሮኝ ነበር።

የቀረኝ ያ ቁጥር የሌለው ዕንቁላል ነው። አነሳሁት። መቀሱን ቅርፊቱ ላይ ሳሳርፍ በሩ ብርግድ አለ።

«እንዳትነኪው!»

አከራዬ ናቸው። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ ጫማቸው በአቧራ ነጥቶ፣ በአንድ እጃቸው ቁጥር ሦስትን ይዘዋል። ከቤት እስከ ኮሌጁ ያለውን ዳገት በሩጫ ነበር የመጡት። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ፤ ተቀመጡ፤ ኧረ ተቀመጡ በማርያም» አሉና ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ወደ እኔ መጡ። መቀሱን ከእጄ ተቀበሉ፤ ዕንቁላሉን ቀስ ብለው ወሰዱና ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ፊታቸው በራ። «ተመስገን። በሕይወት አለ።»

«ምን ሆኑ እማማ?» አልኩ።

ከኋላ የተቀመጡትን ሽማግሌ ኃላፊ ያዩት ያኔ ነው። ለእሳቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ጉዳዩን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ማስረዳት ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በዚች ልጅ እንዳይፈርዱባት። ዶሮዬ የራሷን ዕንቁላል ኻቀፈች አሥራ አምስት ቀኗ ነበር። እች ደግሞ 'የኔን ትቀፍልኝ፣ ኸዚያ እሰብራቸዋለሁ' አለችኝ። እንግዲህ ይፍረዱኝ፤ ሊፈለፈል ሳምንት የቀረውን አውጥቼ፣ ሊሰበር የመጣውን አስታቅፌ፣ በጾም? አልቻልሁም። የእሷን እንቅብ ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ዶሮዬ የራሷን አቀፈች።»

«ታዲያ በየቀኑ ስጠይቅዎት!» ብዬ ጮህኩ።

«ዶሮዋ ታቅፋለች አልሁሽ እንጂ መች የአንቺን አልሁ? በጾም ልዋሽሽ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አከራዬ ግን አልጨረሱም። ትናንት ማታ አዝነውልኝ፣ ለአንድ ሌሊት እንኳ ይሙቅላት ብለው የእኔን ስምንት ዕንቁላሎች ዶሮዋ ሥር ጨምረዋቸው ኖሯል። ጎህ ሳይቀድ በዳበሳ ሲለቅሙልኝ ታዲያ ከራሳቸው አንዱን ቀላቅለው ሰጡኝ፤ የእኔ ቁጥር ሦስት እዚያው ቀረ። ዕንቁላሎቹ ለምን እንደሞቁ ያኔ ገባኝ። ሲነጋ ዶሮዋ ሥር ቁጥር የተጻፈበት ዕንቁላል አዩ፤ ወዲያው ነጠላቸውን ይዘው ሮጡ።

«ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው» አሉ ዕንቁላሉን በሁለት እጃቸው አቅፈው። «ነገ ይወጣል።»

ያ የሽንኩርቱ ልጅ ከኋላ «እማማ፣ በሕይወት መኖሩን በምን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ በስልክ መብራት እንደሚታይ ልነግረው ነበር። አከራዬ ቀደሙኝ።

«ለብ ያለ ውሃ አምጡልኝ።»

ኤሌክትሪክ ጠፍቷል፤ የቤተ ሙከራው ውሃ ማሞቂያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያን ጊዜ ኃላፊው ተነስተው ወጡ። ተናደው የሄዱ መሰለኝ። ወዲያው ግን የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው ተመለሱና ለአከራዬ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። አከራዬ ቢከር የምንለው ትልቁ የቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ትኩሱን ከቀዝቃዛው ቀላቀሉ፤ በክርናቸው ለኩት፤ «ይበቃል» አሉ። ዕንቁላሉን ቀስ ብለው ውሃው ላይ ለቀቁት።

ተንሳፈፈ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተንሳፈፈ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ወዝወዝ አለ። ወደ ግራ። ቆም አለ። ወደ ቀኝ። ውሃው ላይ ቀለበቶች ተሠሩ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ትከሻ ላይ ወጡ፤ ወንበር ወደቀ፤ አንዲቷ ተማሪ እልል አለች። እኔም አብሬ እልል አልኩ! መምህር መሆኔን፣ መገምገሜን፣ ሁሉንም ነገር ረስቼ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ክፍል አላስታውስም።

«ሲንቀሳቀስ ያለ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ የሞተ ነው። እናቴም የምታውቀው እንዲሁ ነበር» አሉ አከራዬ። ዕንቁላሉን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት፤ ደረታቸው ውስጥ አስገቡት። ቁጥር ሦስትን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሁላችንንም መርቀውን ወጡ። ዶሮዋ ብቻዋን ናት አሉ።

በሩ ሲዘጋ ሳቁም አብሮ ተዘጋ። ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። ኃላፊው ወደ ፊት መጡ፤ ቅጻቸውን ጠረጴዛው ላይ ከሰባቱ አስኳሎች አጠገብ ዘረጉ፤ ዕቅዴን ጮክ ብለው አነበቡ።

«'ተማሪዎች የሚመታ ልብ በዓይናቸው ያያሉ።' የተጻፈው ይኸው ነው። ትምህርቱ አስደስቶኛል። ዕንቁላል ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ልብ ግን አላየሁም።» ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «እኔ የጎደለኝን ሌላው አይቶ ይሆናል። የሚመታ ልብ በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። በጾም የሚዋሽልኝ አልነበረም፤ እንዲዋሹልኝም አልፈለግሁም። የተሰበሩትን ቅርፊቶች አንድ በአንድ እየለቀምኩ አቀርቅሬ ቆምኩ። ከአምስት ደቂቃ በፊት እልል ያልኩት እኔ መሆኔን ማን ያምናል?

የገበዝ ማርያሙ ዲያቆን እጁን አወጣ።

«አንተ አይተሃል?» አሉት ኃላፊው።

«አዎ፣ አይቻለሁ።»

«የት?»

ልጁ ብድግ አለ፤ እንደ ልማዱ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። «መምህርታችን አንገት ላይ። ከግራ በኩል፣ ከመንጋጋቸው ሥር። ቁጥር አምስትን ከሰበሩበት ጊዜ ጀምሮ እያየሁት ነው። በደቂቃ መቶ አርባ ይመታል።»

እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ኃላፊው «እጅሽን አውርጂ» አሉኝ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ሁለት እርምጃ ቀረቡኝ። አርባ ተማሪ ትንፋሹን ውጦ አንገቴን ያያል። እኔ ሳቄን ልይዘው ስታገል የአንገቴ ሥር ይባስ ዘለለ፤ ይሰማኝ ነበር። ደረቴ ውስጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ይደልቅ ነበር። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠሩኝ።

«ተሳስተሃል» አሉት ዲያቆኑን። «መቶ አርባ ስምንት ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ቅጹ ላይ «ዓላማው ተሳክቷል» ብለው ጻፉ፤ ብዕራቸውን ሊከድኑ ሲሉ ተመልሰው ከሥሩ አንድ መስመር ጨመሩ፤ «በሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለት ክፍል ይሰጣት፤ ውሃ ትጠጣ።»